ማስተካከያ፦ አዮዲን-131 በ16 ቀን አያልቅም

ሰሞኑን በደብረ ብርሃንና አካባቢው በምንሠራ የፋርማሲ ባለሙያዎች ዘንድ ሲዘዋወር የከረመ፣ ለታይሮይድ ሕክምና ስለሚሰጠው ጨረር አመንጪ መድኃኒት ስለ አዮዲን-131 የተጻፈ አንድ የማስተማሪያ ጽሑፍ «የአዮዲን-131 ግማሽ ዕድሜ 8 ቀን ስለሆነ በ16 ቀን ሙሉ በሙሉ ያልቃል፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተቀመጠ ግን ይቆያል» ይላል። ሁለቱም ስህተት ናቸው።

ግማሽ ዕድሜ ማለት ጨረር አመንጪው ንጥረ ነገር በመበስበስ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ ነው፤ በየ8 ቀኑ የሚቀነሰው ከመጀመሪያው መጠን ሳይሆን በዚያን ጊዜ ከቀረው ላይ ግማሹ ነው። በ16 ቀን ሩቡ፣ በ24 ቀን ስምንተኛው ይቀራል፤ ከ80 ቀን በኋላ እንኳ ከሺህ አንድ የሚጠጋ አለ። ለምርመራ ምስል የሚያገለግለው የሌላው ጨረር አመንጪ፣ የቴክኒሺየም-99ኤም፣ ግማሽ ዕድሜ ደግሞ 6 ሰዓት ነው፦ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ 800 ሜጋቤኬሬል (የጨረር አመንጪነት መለኪያ) የነበረው ብልቃጥ ከቀኑ 8 ሰዓት 400፣ ማታ 2 ሰዓት 200 ይሆናል። ለዚህ ነው መለያው ላይ ከቀኑ ጎን ሰዓቱም የሚጻፈው።

ስለ ማቀዝቀዣው፦ መበስበሱ የሚካሄደው በአቶሙ እምብርት ውስጥ ስለሆነ ብርድ አያዘገየውም፣ ሙቀትም አያፈጥነውም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ከሕክምናው በኋላ ለጊዜው ከሰውነቱ ጨረር የሚወጣው ታካሚ ነው። አዲስ አበባ የታይሮይድ ሕክምና ወስዶ ወደ ሸዋ ሮቢት ወይም ወደ መንዝ በሕዝብ ማመላለሻ የሚመለስ ሰው አጠገቡ ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ልትቀመጥ ትችላለች። አዮዲኑ በብዛት በሽንት ስለሚወጣ ከሰውነት የሚቀንሰው ከ8 ቀኑ ስሌት ፈጥኖ ነው፤ ሆኖም የጥንቃቄውን ቀን የሚወስነው የወሰደው መጠን ስለሆነ ያከመው ሐኪም የሰጠውን መመሪያ ይከተል። ጽሑፉን ይዛችሁ ታካሚ የምትመክሩ ባልደረቦቼ፣ እባካችሁ «በ16 ቀን ያልቃል» የሚለውን ዛሬውኑ ሰርዙት።