ሦስት በሦስት

ሦስት ጓደኛሞች ጅማ ላይ ቤት ለመከራየት ሲነሱ መጀመሪያ የሚያወጡት ካልኩሌተር ነው። 6,000 ብር ለሦስት፣ 2,000። ፊታቸው ይፈካል፣ ማኪያቶ ይታዘዛል፣ አንዱ እንዲያውም በሚተርፈው ብር እቁብ ስለ መግባት ያወራል። ስሌቱ ላይ አንዳች ስህተት የለበትም። ጉዱ ያለው ለሦስት ተካፍሎ እኩል የሚወጣው ኪራዩ ብቻ መሆኑ ላይ ነው። ውሃው፣ ሽንኩርቱ፣ የመብራቱ ሒሳብ፣ የእንግዳው መኝታና የአከራይዋ ፊት ለሦስት ሲካፈሉ ምንጊዜም ቀሪ አላቸው፤ ቀሪው ደግሞ ምንጊዜም አንዱ ሰው ላይ ይወድቃል።

ቤት መፈለጊያው ጊዜ ሐምሌ ነው። ሰው ሁሉ የሚፈልገው ግን መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ ዩኒቨርሲቲው ሰው መጥራት ሲጀምር፣ አዲስ ቅጥረኛውም ሻንጣውን ይዞ ከአውቶቡስ ሲወርድ ነው። ያን ሰሞን ደላላ ስልክ አያነሳም። ሐምሌ ላይ ግን ራሱ ይደውላል። በዚያ ላይ የጅማ ዝናብ በነፃ ያገለግላችኋል፦ ቆርቆሮው የት እንደሚያፈስ፣ ግቢው የቱ ጋ ረግረግ እንደሚሆን፣ ባጃጁ የት ቆሞ «ከዚህ በላይ አልገባም» እንደሚል በአንድ ከሰዓት ያሳያችኋል። በጥር የታየ ቤት የተኳለ ሙሽራ ነው።

በጥር ለማየት የተገደደ ሰው መጀመሪያ ወደ ላይ ይመልከት። ኮርኒሱ ላይ ሻይ የተደፋበት የሚመስል ቡኒ ክብ ካለ ያ ዝናብ ነው፤ ክቡ ሁለት ሦስት ጠርዝ ካለው ዝናቡ ተመላልሷል። ከዚያ ወደ ታች። ግድግዳው ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ፣ እርጥበት ከመሠረቱ እየተሳበ ወጥቶ ቀለሙን ስለሚያላጠው አከራዩ በየዓመቱ ያንኑ ቁመት ይቀባል ማለት ነው። በጥፍር ጫር አድርጉት፤ እንደ ዱቄት ከረገፈ ፍራሻችሁን ከዚያ ግድግዳ አንድ ክንድ ማራቅ ይኖርባችኋል። ክፍሉ አንድ ክንድ ትርፍ ካለው ነው እንግዲህ። በመጨረሻ በሩንና መስኮቱን ዘግታችሁ ሁለት ደቂቃ ቁሙ፤ ሻጋታን ከዓይን ቀድሞ አፍንጫ ያገኘዋል። ደላላው «ምን እያደረጋችሁ ነው?» ካለ «ጸሎት» በሉት። አዌቱ ወንዝ ዳር ያለ ቤት ከሆነ ደግሞ ጎረቤት ጠይቁ። ጎረቤት ስለ ሰው ቤት ጎርፍ አይዋሽም።

ስለ ደላላው ቋንቋም ትንሽ ማወቅ ይጠቅማል። «ለአስፋልት ቅርብ ነው» ካለ ጣራው ላይ ሲወጡ አስፋልቱ ይታያል። «ባለቤቶቹ ግቢ ውስጥ አይኖሩም» ካለ እህታቸው ትኖራለች። «ውሃ 24 ሰዓት አለ» ሲል ቧንቧው 24 ሰዓት እዚያው አለ ማለቱ ነው፤ እናንተ ግን ግቢው ውስጥ የተደረደረውን ቢጫ ጀሪካን ቁጠሩ። ኮሚሽኑን ቤቱን ከማየታችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ ካያችሁና ከወደዳችሁ በኋላ ዋጋው የሚወጣው ከፊታችሁ ላይ ነው። አንድን ቤት በሁለት ደላላ በኩል ማየትም ክልክል ይሁን። ቤቱ አንድ፣ ክፍያው ሁለት ይሆናል፤ ጠቡም በር ላይ ነው።

ሰፈር ምረጡ ከተባለ ጉዳዩ ቶሎ ያልቃል። ፈረንጅ አራዳ ስሙም ውድ ነው። መርካቶ ዙሪያ ገበያው ደጃፍ ላይ ነው፣ ጫጫታውም እንዲሁ። ወደ ኪቶ ወይም ወደ ጅሬን አቅጣጫ ወጣ ሲሉ ኪራዩ ይቀንስ ይሆናል፤ ግን ካልኩሌተሩ ይመለስ። ባጃጅ በአንድ ጉዞ 20 ብር ቢሆን፣ ደርሶ መልስ 40፣ በወር 26 የሥራ ቀን 1,040፣ ለሦስት ሰው 3,120 ብር። ከኪራዩ 1,000 ብር ተቀነሰልን ብሎ ጮቤ የረገጠ ቡድን 2,120 ብር ከስሮ ነው የሚጨፍረው።

ቤቱ ከተወደደ በኋላ ፈተናው ይመጣል። «ግቡ፣ ቡና ጠጡ።» በቡና አገር ይህን ግብዣ መስተንግዶ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ የዋህ ነው። አከራይዋ እማማ እጣኑን ጨስ ያደርጉና በርጩማ ይስቡላችኋል። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ ባለ ሦስት እግር ነው። ሦስት እግር ያለው ዕቃ መሬቱ ወጣ ገባ ቢሆንም አይወላገድም፤ ሦስት ተከራይ ይህን ጸባይ ከበርጩማው ቢማር ኖሮ ይህ ጽሑፍ ባላስፈለገ። ዝቅ ብላችሁ ትቀመጣላችሁ፣ ጉልበታችሁ አገጫችሁ አጠገብ ይደርሳል፣ እንዲህ የተቀመጠ ሰው ደግሞ መዋሸት ያቅተዋል። አቦል ላይ «አገራችሁ ወዴት ነው ልጆቼ?» ይላሉ። ቶና ላይ «ሥራችሁስ?» በረካ ላይ፣ ቡናው ቀጥኖ ሁላችሁም ዘና ስትሉ፣ ዋናው ይመጣል። «ስንት ናችሁ?»

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። «ሁለት ነን፤ አንዱ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል» ይላል። እማማ መታወቂያ አይጠይቁም። ጠዋት በር ላይ ጫማ ይቆጥራሉ። የጅማ ጭቃ ጫማን ደጅ ያስወልቃል፣ የወለቀ ጫማ ደግሞ ይመሰክራል። ሦስተኛው ጥንድ በታየ በሳምንቱ «የውሃ» ይጨመራል፣ በወሩ «የሽንት ቤት» ይጨመራል፣ በሁለተኛው ወር ልጃቸው ሊያገባ ስለሆነ ቤቱ ይፈለጋል። ስለዚህ ሦስት ከሆናችሁ ሦስት በሉ፤ ዋጋውንም ለሦስት ተደራደሩ። ሽንት ቤቱን ስንት ቤተሰብ እንደሚጋራው፣ ማን በየትኛው ቀን እንደሚያጥበው፣ የውጭው በር በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ስኒው ሳይነሳ ጠይቁ። «ማታ ሦስት ሰዓት» ከተባለ፣ ሦስት ከሩብ የሚባል ሰዓት በዚያ ግቢ የለም።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ። «ሦስት በሦስት ነው» ይባላል። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዳንዱ ሦስት ሜትር የሚለካው ከውጭ ነውና ግድግዳው በዚህም በዚያም 15 ሳንቲሜትር ከበላ ውስጡ 2.70 ይሆናል። እውነተኛ ሦስት በሦስት ነው እንበል። የአንድ ሰው ፍራሽ ወርዱ 90 ሳንቲሜትር፣ ርዝመቱ 1.90 ሜትር ነው። ሦስቱ ጎን ለጎን 2.70 ይይዛሉ፤ በወርድ የምትተርፈው 30 ሳንቲሜትር የሻንጣ ናት። በርዝመት 1.10 ሜትር ይተርፋል፤ እሱ ሳሎን፣ ኩሽና፣ ቁምሳጥንና እንግዳ መቀበያ ነው። በሩ 80 ሳንቲሜትር ሆኖ ወደ ውስጥ ሲከፈት ከሳሎኑ 80ውን ጠርጎ ይሄዳል። በበሩ ጫፍና በፍራሹ ራስጌ መሀል የምትቀረው 30 ሳንቲሜትር ላይ ጀሪካን ከቆመ ነገር ተበላሸ፤ ጀሪካኑ ትንሽ ወጣ ማለቱ አይቀርም፣ አምሽቶ የሚገባው ሰው በሩን ሲገፋ በሩ ጀሪካኑን፣ ጀሪካኑ የተኛውን ሰው አናት ይመታል። ፍራሽ ሳይገዛ በር ጋ የሚተኛው ሰው ይወሰን። ትክክለኛው ዳኝነት፣ አምሽቶ የሚገባው ራሱ እዚያ ይተኛ የሚለው ነው፤ ያኔ የሚመታው የራሱ ትራስ ነው።

ጀሪካን እዚያ ምን ይሠራል? አንድ ሰው ለመጠጥ፣ ለወጥ፣ ለፊትና ለእግር ቢያንስ በቀን 20 ሊትር ይፈጃል፤ ገላና ልብስ ሳይቆጠር። ሦስት ሰው በቀን ሦስት ጀሪካን ነው። ውሃ በሦስት ቀን አንዴ በሚመጣበት ሰፈር ዘጠኝ ጀሪካን መሙላት ግድ ነው፤ ዘጠኙ ሲደረደሩ ሳሎኑ አለቀ። ውሃው ደግሞ ሌሊት መምጣት ይወዳል። ቧንቧው መጀመሪያ አየር ይተነፍሳል፣ ያችን ድምፅ የሚሰማው እንቅልፉ ቀላል የሆነው ነው፣ እሱም ዕድሜ ልኩን ሲቀዳ ይኖራል፤ ሁለቱ ጠዋት «ኧረ ውሃ መጥቶ ነበር እንዴ?» ይላሉ። በቀን ተራ ማውጣት አይሠራም፤ «የኔ ቀን ውሃ አልመጣም» የሚል አይጠፋማ። የሚሠራው ጀሪካኑን መካፈል ነው። ለእያንዳንዱ ሦስት፣ እጀታው ላይ የየራሱ ቀለም ክር። ክሩ ቀይ የሆነ ጀሪካን ባዶ ከሆነ ባለ ቀዩ ፊቱን ሳይታጠብ ይሂድ። ጭካኔ ይመስላል፤ ግን ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሦስቱም ቧንቧው ሲተነፍስ ይሰማሉ።

በክረምት ከጣራው አሸንዳ የሚወርደው ውሃ ለልብስ አጠባ ወርቅ ነው፤ በርሜሉ የማን እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቅ እንጂ። ማጠቡ ቀላል ነው፤ ጉዱ ማድረቁ ላይ ነው። በዚያ ሰሞን ቤት ውስጥ የተሰጣ ጂንስ ሦስት ቀን ቢቆይ አይግረማችሁ። ሦስት ሰው በአንድ ቀን ጂንስ ካጠበ ክፍሉ ውስጥ ስድስት እግር ተንጠልጥሎ ይከርማል።

መብራት ላይ ውል የሚያፈርሰው ቆጣሪው የጋራ መሆኑ ነው። የኤሌክትሪክ ታሪፍ ፍጆታ ሲጨምር የኪሎዋት ሰዓቱ ዋጋም ከፍ የሚል ነው። አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሁሉም ውድ በሆነው እርከን ይከፍላል። እያንዳንዱ ለየብቻው ቢሆን ርካሹ ላይ ይቀር ነበር። ከተቻለ ንባቡን የምታዩበት የራሳችሁ ተቀጽላ ቆጣሪ ጠይቁ። ካልተቻለ ሒሳቡ «በሰው» ነው ወይስ «በቤት» የሚለውን ለዩ፤ ለሦስት ወጣት «በቤት» ይሻላል፣ እማማም ስለሚያውቁ «በሰው» ይላሉ። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ 10 አምፔር ብሬከር በ220 ቮልት የሚችለው 2,200 ነው። ስለዚህ «ምጣድ ክልክል ነው» የሚለው ሕግ ከፊዚክስ ነው የመጣው። እንጀራ ግዙ። ስቶቩን ደግሞ ከውሃ ማፍያው ጋር አንድ ላይ አትሰኩ፤ ብሬከሩ ሲወርድ ግቢው በሙሉ ይጨልማል፣ በጨለማ ውስጥም ሁሉም ሰው ወደ እናንተ በር ይዞራል።

ማዕድ ላይ አንድ ሙዳይ፣ አንድ ደብተር፣ አንድ ምስማር ይበቃል። ወሩ ሲገባ ሦስቱም እኩል ይጥላሉ፤ የወጣው ሁሉ ምስማሩ ላይ በተሰቀለው ደብተር ይጻፋል። ለሐሙስ ገበያ የሚሄደው ሰው ሽንኩርትና ድንች ለሳምንት ይዞ ይመጣል፤ የጅማዋ ሂርማታ የሐሙስ ገበያዋ ከጥንት የታወቀ ነው። ጅማ ላይ ሦስት ጓደኛሞች ሲጠራቀሙ አንዱ ሙስሊም፣ አንዱ ረቡዕና ዓርብ የሚጾም፣ አንዱ ሥጋ ከሌለ የበላ የማይመስለው መሆኑ የተለመደ ነው። ሥጋ ከጋራ ሙዳይ አይገዛ፤ የፈለገ በግሉ ገዝቶ በግሉ ድስት ይሥራ። የጋራው ድስት የሽሮ ነው። ሽሮ የማይበላበት ሃይማኖትም የማይበላበት ቀንም የለም፤ የቤቱ ሕገ መንግሥት እሷ ናት። ሙዳዩ ወሩ ሳያልቅ የሚራቆተው አብዛኛውን ጊዜ በሽሮ አይደለም፤ «ለዛሬ ብቻ» ተብሎ በሚወሰድና ደብተሩ ላይ በማይጻፍ 100 ብር ነው።

ዕቃን በጋራ አለመግዛት ይሻላል። ምክሩ ክፉ ይመስላል፣ ግን የስቶቭ ሲሶ በሻንጣ አይያዝም። አንዱ ስቶቩን፣ አንዱ ድስቶቹን፣ አንዱ በርሜሉን ሙሉ በሙሉ ይግዛ፤ የዋጋ ልዩነቱ በብር ይካካስ። ሲለያዩ ሁሉም የራሱን አንሥቶ ይሄዳል።

ወረቀት ደግሞ አለ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ዘመኑ ከ2 ዓመት አይነስ፣ ቅድመ ክፍያው ከ2 ወር ኪራይ አይብለጥ፣ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይሁን ይላል። በክልል ከተሞች አዋጁ የት እንደሚሠራ የሚወስነው ክልሉ ስለሆነ መጀመሪያ ቀበሌ ገብቶ መጠየቅ ነው። አዋጁን በረካ ላይ ጠቅሶ መከራከር ግን ቤቱን ማጣት ነው፤ እማማ «ልጆቼ፣ እኔ እናንተን እንደ ልጆቼ...» ብለው ከጀመሩ ወረቀቱ አብቅቷል። ቢያንስ ሁለት ገጽ በእጅ ጻፉ፤ የሦስታችሁም ስም ይግባበት። ስሙ ብቻውን ያለበት ሰው ሌላው ሲጠፋ ኪራዩን በሙሉ ይከፍላል። ብሩን በቴሌብር ላኩ፣ መልእክቱን አታጥፉ።

እንግዳ ላይ ረጅም ሕግ አይሠራም። አንድ ሌሊት እንግዳ ነው፣ ሦስት ሌሊት ዘመድ ነው፣ ከሳምንት በኋላ ጀሪካኑ ላይ ክር ይታሰርለት።

አንድ ቀን ከሦስቱ አንዱ ያገባል ወይም ዝውውር ይደርሰዋል። ለቅድመ ክፍያ ያዋጣውን የሚመልስለት በቦታው የሚገባው ሰው ነው፤ ይህም መጀመሪያውኑ ወረቀቱ ላይ ይስፈር። ፍራሹን ጠቅልሎ ባጃጅ ላይ ይጭናል፣ ሦስት ጀሪካኑን ያስከትላል፣ ተቃቅፈው ይሰነባበታሉ። የቀሩት ሁለቱ ወደ ውስጥ ሲመለሱ በሩ ያለ ምንም እንቅፋት እስከ ግድግዳው ድረስ ይከፈታል። እማማም ልጁን ሊሰናበቱ ወጥተው ነበርና በተከፈተው በር አጮልቀው ያያሉ። አንድ እግራቸውን ያስገባሉ፣ ግራና ቀኝ ይመለከታሉ።

«ለካ ይሄ ክፍል ሰፊ ነው!» ይላሉ።

ከወሩ መጀመሪያ ጀምሮ ኪራዩ የሰፊ ክፍል ኪራይ ነው።