«ሁሉም ወቅታዊ ነው» ላሉኝ ለክቡር ሜክ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ቁጥር፦ ስህተት 1
ድሬዳዋ፣ ከዚራ

ለክቡር ሜክ
ባሉበት ፎልደር

ጉዳዩ፦ ያልተሠራን ሥራ «ተሠርቷል» ብሎ ማሰናበትን ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣

የፕሮግራም ፋይሎችን እየለዩ እንደገና ለሚያሠሩት ሶፍትዌር ለእርስዎ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ፤ ከሰላምታዬም በፊት አንድ ታብ፣ ማለትም ከኪቦርዱ የታብ ቁልፍ የሚወጣውን ክፍት ቦታ፣ አስቀድሜያለሁ፤ ያለ ታብ የሚቀርብልዎትን ትእዛዝ እንደማያስተናግዱ በመከራ ተምሬያለሁና።

የሥራ ድርሻዎ ሲነገር ቀላል ነው። ሜክፋይል በሚባለው የደንብ መዝገብዎ ላይ በግራ በኩል ወደ ማሽን ቋንቋ የተተረጎመው ኦብጀክት ፋይል፣ ከሁለት ነጥቡ ወዲህ ኦብጀክቱ የሚሠራበት፣ ፕሮግራመሩ የጻፈው ሶርስ ፋይል ይጻፋል፤ ከሥራቸውም ተርጓሚውን ኮምፓይለር የሚጠራው ትእዛዝ ይቀመጣል። ክቡርነትዎ ሁለቱ ፋይሎች ለመጨረሻ ጊዜ የተነኩበትን ሰዓት ያስተያዩና ሶርሱ አዲስ ከሆነ ኮምፓይለሩን ይጠራሉ፤ ኦብጀክቱ አዲስ ከሆነ ደግሞ «ወቅታዊ ነው» ብለው ያሰናብታሉ። በፋይሉ ውስጥ ከተጻፈው አንዲት ፊደል እንኳ አያነቡም። መዝገብ ቤት ተቀምጦ የማመልከቻውን ቀን ብቻ አይቶ፣ ገጹን ሳይገልጥ «ይህ ጉዳይ እልባት አግኝቷል» የሚል ሠራተኛ እኔ ብዙ አይቻለሁ፤ እንደ ክቡርነትዎ በሰከንድ ሽርፍራፊ የሚያሰናብት ግን አላየሁም።

ቅሬታዬ የተነሣው ከአንድ የሽንኩርት መጋዘን ሚዛን ነው። ሚዛኑን የሚያነበውንና ደረሰኝ የሚያትመውን ፕሮግራም በሲ ቋንቋ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የከረጢቱን ክብደት በግምት እንቀንስ ነበርና ነጋዴው በትክክል ተመዝኖ እንዲመዘገብለት ጠየቀኝ። እኔም ሶርስ ፋይሎቹ በጋራ በሚያነቡት ሄደር ፋይል ውስጥ «ጠቅላላ ክብደት» እና «የተጣራ ክብደት» ተብለው ተከታትለው በተቀመጡት ሁለት ቁጥሮች መካከል «የከረጢት ክብደት» የሚል ሦስተኛ አስገባሁ፤ ሚዛኑን የሚያነበውን ሶርስ ፋይልም አስተካከልኩ፤ ደረሰኝ የሚያትመውን ግን የሚለወጥ ነገር ስላልነበረው አልነካሁትም። ክቡርነትዎም የነካሁትን ኮምፓይል አስደረጉ፣ ያልነካሁትን ዘለሉ፣ ኦብጀክቶችን ወደ አንድ ፕሮግራም የሚያገናኘው ሊንከርም ሁለቱን ያለ አንዳች ቅሬታ አጋጠማቸው፤ እርሱ የሚያየው የፈንክሽኖቹ ስም መግጠሙን እንጂ በመካከላቸው የሚተላለፈው ዕቃ ቅርጹ መቀየሩን አይደለምና።

በማግስቱ የመጀመሪያው ከረጢት ሚዛን ላይ ወጣ። ጠቅላላ 51 ኪሎ፣ ከረጢቱ 1 ኪሎ፣ የተጣራው 50 መሆን ሲገባው ከማተሚያው የወጣችው ብጣሽ «የተጣራ ክብደት፦ 1 ኪሎ» አለች። ነጋዴው ደረሰኙን ገልብጦ ጀርባውን ጭምር ካየ በኋላ «አቦ፣ የድሬን ሙቀት እኔም አውቀዋለሁ፤ ግን ግማሽ ኩንታል ሽንኩርት በአንድ ሌሊት 1 ኪሎ አያደርግም» አለኝ። የማተሚያው አሮጌ ኦብጀክት «የተጣራው ሁለተኛው ቦታ ላይ ነው» የሚለውን የድሮ መረጃ ይዞ፣ በሁለተኛው ቦታ ላይ የተቀመጠውን የከረጢት ክብደት እንደ ሽንኩርት እያተመ ነበር።

እዚያው መጋዘን ውስጥ፣ ከረጢት ላይ ተቀምጬ፣ ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ክቡርነትዎን ጠራሁ። «ወቅታዊ ነው» አሉ። ሄደሩን ከፍቼ አዲሱን መስመር በዓይኔ አየሁትና እንደገና ጠራሁዎት። አሁንም «ወቅታዊ ነው» አሉ። በሦስተኛው ነጋዴው በትከሻዬ በኩል አጎንብሶ «ምን አለህ?» ሲለኝ ምን እንደምመልስለት ጠፋኝ። በመጨረሻ «ክሊን» ብዬ ኦብጀክቶቹን በሙሉ ደምስሼ፣ ሁሉንም ከባዶ ኮምፓይል አስደርጌ ሽንኩርቱን ወደ 50 ኪሎው መለስኩት።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ በኋላ ደንቡን ሳነብ ገባኝ። የማተሚያው ኦብጀክት በሶርስ ፋይሉ ላይ እንደሚመረኮዝ ተጽፏል፤ ሶርሱ ገና በመጀመሪያው መስመሩ ስለሚያስገባው ሄደር ግን አንድ ቃል የለም። እውነቱን ለመናገር ሜክፋይሉን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም፤ ከእኔ በፊት ከነበረው ልጅ ወረስኩት፣ እርሱም ከሌላ ቀድቶት ነበር፣ ከሦስታችን ከላይ እስከ ታች ያነበበው ያለ አይመስለኝም። ቢሆንም ክቡርነትዎ ያልተነገረዎትን አለመጠየቅዎ ያሳዝነኛል። ኮምፓይለሩ ጎረቤትዎ አይደለም? «ዳሽ ኤምኤምዲ» የሚል ምልክት ከተጨመረለት ኮምፓይል እያደረገ ያነበባቸውን ሄደሮች ዝርዝር በነጥብ ዲ በሚያልቅ ፋይል በእርስዎ ቋንቋ ጽፎ ያስቀምጣል፤ እኛም ያንን በኢንክሉድ ትእዛዝ ወደ መዝገብዎ እናስገባልዎታለን። ከዚያ ወዲህ ሄደር ሲነካ የሚመለከታቸውን ሁሉ ይቀሰቅሳሉ። ታዲያ ወሬው በአጥር ማዶ እያለ ፖስተኛው እኔ መሆኔ ለምንድን ነው?

ወደ ታቡ ልመለስ። ለአንድ ወዳጄ ይህንኑ ደንብ በቴሌግራም ልኬለት ሲገለብጠው ታቦቹ በመንገድ ላይ ስፔስ ሆነው ደረሱ፤ ክቡርነትዎም «መለያያ የለም» ብለው ቆሙ። በጣም የገረመኝ ግን መስመሩ በ8 ስፔስ ሲጀምር «ከ8 ስፔስ ይልቅ ታብ ማለትህ ነበር?» ብለው በቅንፍ መጠየቅዎ ነው። አዎ ክቡርነትዎ፣ ማለቴ ነበር። ማለቴ መሆኑንም ገምተዋል። ገምተውም ቆሙ!

ከተማችን በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር እዚህ ሜዳ ላይ በደረሰ ጊዜ የተቆረቆረች ናትና ስለ መስመር ስፋት ለእኛ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። የድሮው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር፣ የአዲሱ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአንዱ ባቡር በሌላው ላይ አይሄድም፣ ማንም አልተቀየመም፤ ልዩነቱ በዓይን ይታያል፣ በሜትርም ይለካል። የእርስዎን ታብ ከ8 ስፔስ ለይቶ የሚያይ ዓይን ግን በድሬዳዋ ቀርቶ የትም አልተፈጠረም።

የነገሩን ምንጭ አላጣሁትም። እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪዎች የፈጠሩዎት ስቱዋርት ፌልድማን የታቡ ነገር እንደማያዋጣ ቶሎ ገብቷቸው ነበር፤ ሆኖም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ አሥራ ሁለት የሚጠጉ ተጠቃሚዎች አግኝተው ስለነበር እነርሱን ላለማስቸገር ሳይለውጡት ቀሩ። ስለ እነዚያ አሥራ ሁለት ሰዎች ምቾት እስከ ዛሬ የምንከፍለው እኛ ነን። ፌልድማን እ.ኤ.አ. በ2003 በእርስዎ የተነሣ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ማኅበር የሆነውን የኤሲኤምን የሶፍትዌር ሥርዓት ሽልማት መቀበላቸውን አልቃወምም፤ ይገባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ከእርስዎ ዝርያዎች አንዱ የሆነው የጂኤንዩ ሜክ 3.82 እትም ታቡን በሌላ ምልክት መተካት ፈቅዷል፤ ከ34 ዓመት በኋላ የመጣ ፈቃድ ስለሆነ በአካባቢዬ ሲጠቀምበት ያየሁት ሰው የለም።

የሰዓቱም ጉዳይ አለ። መብራት ሲሄድና ሲመጣ ሰንብቶ የማዘርቦርዴ ባትሪ ሲያልቅ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ብዙ ዓመት ወደኋላ እየሸሸ ይነሣ ጀመር። ጠዋት ያረምኩት ሶርስ ትናንት ከተሠራው ኦብጀክት በዓመታት የሚበልጥ አዛውንት ሆነ፤ ክቡርነትዎም ለሽማግሌ ቦታ ባለመስጠት ዘለሉት። በመዛባቱ ምክንያት «ፋይሉ ከወደፊቱ ጊዜ ነው፤ ግንባታው ያልተሟላ ሊሆን ይችላል» የሚል ማስጠንቀቂያ ማተምዎን አልክድም፤ ከማስጠንቀቂያው በኋላ ያው ሥራዎን መቀጠልዎ ነው ያስከፋኝ። እኛ እዚህ በሁለት ሰዓትና በሁለት ዘመን አቆጣጠር የምንኖር ሰዎች ነን፤ «በ3 ሰዓት እንገናኝ» ስንባል «በሀበሻ ነው በፈረንጅ?» ብለን እንጠይቃለን። መጠየቅ እኮ ነውር አይደለም።

ትናንሾቹን ቅሬታዎች ላሳጥር። በአንዱ መስመር «ወደዚያ ፎልደር ግባ» ብዬ በሚቀጥለው መስመር ትእዛዝ ስሰጥ እያንዳንዱን መስመር በየራሱ ሼል (ትእዛዝ ተቀባይ ፕሮግራም) ስለሚያስኬዱ ሁለተኛው ከበር ውጭ ቆሞ ይገኛል። አንድ የዶላር ምልክት ወደ ሼሉ ለማሳለፍም ሁለት ዶላር እንድጽፍ ይጠይቁኛል፤ ክቡርነትዎ፣ በዚህ አገር አንዱ እንኳ በስንት ወረፋ እንደሚገኝ ቢያውቁ ኖሮ ይራሩልኝ ነበር።

ይህን ደብዳቤ ጽፌ ከጨረስኩ ሁለት ሳምንት ስለሆነው ቀኑን አይተው «ወቅታዊ ነው» ብለው እንዳያልፉት ዛሬ ጠዋት አንዲት ፊደል ሳልለውጥ በ«ተች» ትእዛዝ ሰዓቱን አድሼዋለሁ።

ከማይለወጥ አክብሮት ጋር፣
አንድ የከዚራ ፕሮግራመር

ግልባጭ፦
ለኮምፓይለሩ፦ ያነበበውን ለጎረቤቱ በቃልም ቢሆን እንዲነግር
ለሊንከሩ፦ ከስም በቀር ሌላም ነገር እንዲያይ
ለሽንኩርት ነጋዴው፦ ከ50 ኪሎው ደረሰኝ ጋር