ምንጣፌ ነው ያወፈረኝ

ወገን፣ ዛሬ ካልተናገርኩ እፈነዳለሁ።

ሁለት ወር ሙሉ ዳቦ አልበላሁም። ሁለት ወር! ሻይ ያለ ስኳር ጠጣሁ። ጓደኞቼ ጥብስ ሲያዙ እኔ ቆስጣዬን እያገላበጥኩ ዓይኔን ሳንከራትት ከረምኩ። ይሄ ሁሉ ከመርካቶ በገዛኋት ባለ መርፌ ሚዛን የተነሳ ነው። ከፋሲካ በኋላ ወጣሁባት፣ 78 አለችኝ። እኔም ዶሮ ወጡን ረገምኩ።

መኝታ ቤቴ ሊሾ ነው። ጠዋት ጠዋት እግር ይቆርጣል። ስለዚህ ሚዛኗን ያስቀመጥኳት አልጋዬ አጠገብ ያለው ወፍራም ምንጣፍ ላይ ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

ባለፈው ሳምንት ጉንፋን ይዞኝ ክሊኒክ ሄድኩ። ነርሷ “ጫማሽን አውልቂና ውጪ” አለችኝ። ወለሉ ሴራሚክ ነው። 71! ከነሹራቤ! ጠዋት እኮ ቤቴ 77 ነበርኩ። “ሚዛኑ ልክ ነው?” ብዬ ጠየቅኳት። ቀና ብላ አየችኝና “ሰው እንዲህ የሚጠይቀኝ ሲበዛበት ነበር” አለች።

ከዚያ ወጥቼ ጥብስ በላሁ። አልዋሽም፣ እንጀራም አስጨመርኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ ወጣሁባት። 77።

በነጋታው መንገድ ዳር ሚዛን ይዞ የሚቀመጥ ልጅ ጋ አምስት ብር ከፍዬ ተመዘንኩ። የሱ ዲጂታል ነው፤ ግን ኮብልስቶን ላይ ነው ያስቀመጠው። አንዱ እግሩ አየር ላይ ነው። ስወጣ ይንገጫገጫል። መጀመሪያ 66 አለ። ወርጄ ደግሜ ወጣሁ፣ 69። “ምንድነው ይሄ?” ስለው ልጁ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? “ማዘር፣ ያነሰውን ይውሰዱት።” ማዘር! ገና 34 ዓመቴ ነው እኮ። በሁለት ቀን ስንት ነገር ይቻላል?

ጂሙ ደግሞ ይባስ። እዚያ ሚዛኑን ያስቀመጡት እንደ ስፖንጅ በሚለሰልስ ምንጣፍ ላይ ነው። 67 ሲለኝ አሰልጣኙ አጨበጨበ። ፎቶ ሁሉ አነሳኝ።

በመጨረሻ ጨርቄን ልጥል ስል ወንድሜ መጣ። ሚዛኗን ገልብጦ አያት፣ ምንጣፉን አየ፣ ከዚያ ሳቀ። እሱ ሲስቅ ደግሞ ያበሽቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለ መርፌዋ ሚዛን ውስጥ የሰውየውን ክብደት ወደ አንዲት ስፕሪንግ የሚያደርሱ ብረቶች አሉ። ብረቶቹ የሚደገፉት ታችኛው ቆርቆሮ ላይ ነው። ሚዛኗ ጠንካራ ወለል ላይ በአራት እግሯ ስትቆም፣ ሰው ሲወጣባት ያ ቆርቆሮ በትንሹ ይጎብጣል። ቁጥሯም የተስተካከለው በዚያው ልክ ነው። ወፍራም ምንጣፍ ላይ ግን እግሮቿ ይሰምጡና ምንጣፉ ሆዷን ይደግፈዋል። አትጎብጥም። ብረቶቹ የሚደገፉበት ነጥብ ትንሽ ይዛወራል፣ መርፌዋም ታልፋለች። ኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይሄንኑ መርምረው በ2002 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፤ ንባቡ እስከ 10 በመቶ ሊጨምር ይችላል። ይኸው የኔ ስድስት ኪሎ!

ዲጂታሉ ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። ክብደት የሚያነቡት አራቱ እግሮቹ ናቸው። ሆዱ ስፖንጁ ላይ ወይ ድንጋዩ ላይ ካረፈ፣ ያ የተከፈለው ሸክም አይቆጠርም። የጂሙ ጭብጨባ በዚህ ነው።

አላመንኩም። ሃያ ሊትር ውሃ የሞላ ጀሪካን ጎትቼ አመጣሁ። ውሃ አይዋሽም፤ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው፣ ጀሪካኑ ደግሞ አንድ ኪሎ ቢሆን ነው። ወጥ ቤቱ ሴራሚክ ላይ 21። ምንጣፉ ላይ 23። ጀሪካኑም ወፈረ!

ቦታ በእውነት ክብደት ይለውጣል ከተባለ እንኳ ምን ያህል መሰላችሁ? የምድር ስበት ወደ ምድር ወገብ ስትጠጉና ከፍታ ስትወጡ ትንሽ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ሁለቱም አላት። 70 ኪሎ የሆነ ሰው ስቶክሆልም የተስተካከለ ባለ ስፕሪንግ ሚዛን ይዞ እዚህ ቢመጣ 300 ግራም ገደማ ያንስበታል። ከስዊድን ሸገር ድረስ ተመጥቶ 300 ግራም! እኔ ከመኝታ ቤት እስከ ወጥ ቤት ስድስት ኪሎ እቀንሳለሁ።

አሁን የሚያናድደኝ ይሄን የነገረኝ አለመኖሩ ነው። ሻጩ “ሮዝ አለ፣ ሰማያዊ አለ” ብሎ ቀለም ሲያስመርጠኝ ሩብ ሰዓት ፈጀ። ጠንካራ ወለል ላይ አስቀምጪው ለማለት ስንት ሰከንድ ይፈጃል? ምናልባት ካርቶኑ ላይ ተጽፎ ይሆናል። ካርቶኑን ግን አልሰጠኝም። ሁለት ወር ዳቦ ትቼ የቀነስኩት በትክክል ሲሰላ አንድ ኪሎ ነው። ለአንድ ኪሎ!

ሚዛኗን ወደ ወጥ ቤት አዛወርኳት። እናቴ ትናንት መጣችና ብታያት፣ “ባዶ እግርሽን ሴራሚክ ላይ ቆመሽ ብርድ ይምታሽ?” ብላ አንስታ ምንጣፉ ላይ መለሰቻት። ከዚያ እሷም ወጣችባት። “ከሳሽ” እየተባለች የከረመች ሴትዮ ናት። መርፌውን ጎንበስ ብላ አየችው፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ “ተመስገን! አምስት ኪሎ ጨመርኩ” ብላ ለአክስቴ ስልክ ደወለች።

እስቲ ማን ይንገራት?