«ኔትወርክ የለም» አትበሉን፤ የተበላሸውን ንገሩን

ከሆዴ ይውጣልኝ ብዬ ነው የምጽፈው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ትንሽ የኮምፒውተር ቤት አለኝ። ፎርም እሞላለሁ፣ ፕሪንት አደርጋለሁ፣ ኮፒ አነሳለሁ፣ የተማሪ ውጤት አያለሁ። መብራት ሲጠፋ አልማረርም፤ የሁላችንም ችግር ነው። ዝናብ መስመር ሲበጥስም ይገባኛል፤ የጅማን ክረምት እናውቀዋለን። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። መብራት አለ። የሞደሙ መብራቶች ሁሉም አረንጓዴ ናቸው። ቴሌግራም መልእክት እያስገባ ነው። ድረ ገጽ ግን አንድም አይከፈትም። ስደውል «ኔትወርክ የለም» እባላለሁ። አለ እኮ! ቴሌግራሙ በምን እየሰራ ነው ታዲያ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢንተርኔት ላይ መረጃ የሚመላለሰው በቁጥር ነው፣ አይፒ አድራሻ በሚባለው። እኛ የምንጽፈው ግን ስም ነው። በመሃል ስሙን ተቀብሎ ቁጥሩን የሚያመጣ አለ፤ ዲኤንኤስ ይባላል። እዚህ ከተማ የሰው ቤት ስንፈልግ እንዴት ነው የምናደርገው? የቤት ቁጥር ይዞ የሚዞር የለም። ሂርማታ ላይ አንዱን ባለሱቅ እንጠይቃለን፣ እሱ ሰፈሩን ይጠቁመናል፣ የሰፈሩ ሰው ደግሞ ግቢውን ያሳየናል። ዲኤንኤስም እንደዚያ ነው። ኮምፒውተሬ የኢንተርኔት አቅራቢውን ሰርቨር ይጠይቃል። ያ ሰርቨር መልሱን ካልያዘ ሩት ወደሚባሉት ይሄዳል። ሩቶቹ «በኢቲ (.et፣ የኢትዮጵያ) የሚያልቁ ስሞችን የሚያውቁት እነዚያ ናቸው» ይሉታል። የኢቲዎቹ ደግሞ የመስሪያ ቤቱን ሰርቨር ይጠቁሙታል። ቁጥሩ የሚገኘው እዚያ ነው። ይህ ሁሉ ሲሰራ ዓይን ሳይጨፈን ያልቃል።

ቴሌግራም ለምን እንደሚሰራም አሁን ይገባችኋል። የሰርቨሮቹን ቁጥር አፑ ውስጥ ይዞ ስለሚዞር ስም ሳይጠይቅ መግባት ይችላል። ስለዚህ ቴሌግራም እየሰራ ብሮውዘር እምቢ ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዲኤንኤስ ነው። ይህን የስልክ መስመሩ ላይ ያለው ልጅ ማወቅ የለበትም? «ጌታዬ፣ ሞደሙን አጥፍተው ያብሩት።» አጠፋሁ፣ አበራሁ። «እስኪ ኬብሉን ነቅለው ይሰኩት።» ነቀልኩ፣ ሰካሁ። «ወንድሜ፣ 8.8.8.8ን ፒንግ ሳደርግ (አለህ ወይ ብዬ ስጠራው) መልስ ይመጣል፣ በስም ስሞክር ነው የሚጠፋው፣ የስም ሰርቨራችሁን አሳዩልኝ» ስለው «በእኛ በኩል ችግር የለም» ብሎ ዘጋው። ወረፋ የያዘው ሰው ይህን ሁሉ ቆሞ እየሰማ ነው።

እኔስ ዲኤንኤሱን በእጄ ወደ 8.8.8.8 ወይም ወደ 1.1.1.1 ቀይሬ ሥራዬን እቀጥላለሁ። የመጀመሪያው የጉግል ነው፣ ሁለተኛው የክላውድፍሌር፤ ለማንም ክፍት ናቸው። ጎረቤቴ ያለችው ልብስ ሰፊስ? ለምን ብላ ነው ይህን የምታውቀው? የከፈለችበትን ዳታ መጠቀም አልቻለችም፣ ካርዱ ያለቀ መስሏት ሌላ ፓኬጅ ገዛች። ይሄ ያናድዳል። ስልኳን ተቀብዬ አስተካከልኩላት። (አንድሮይድ ስልክ ላይ «ፕራይቬት ዲኤንኤስ» የሚለው ቦታ ቁጥር አይቀበልም። ብዙ ሰው 8.8.8.8 እያስገባ አልሰራም ይላል። የሚፈልገው ስም ነው፤ «ዲኤንኤስ» ብላችሁ ነጥብ፣ ከዚያ «ጉግል»፣ በእንግሊዝኛ ፊደል።)

ከዚህ የሚብሰው የመስሪያ ቤቶቹ ነው።

አንዲት እናት ከአጋሮ ልጃቸውን ይዘው መጡ። የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ነው። የልጅቷ ሰነድ ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል ተጠቅልሏል፣ ጉርድ ፎቶው ተዘጋጅቷል፣ የጎደለ ነገር የለም። የምዝገባውን ገጽ ስጠራው የሰርቨሩ አድራሻ አልተገኘም ይላል። ሌላው ሁሉ ይከፈታል። ልጅቷ ትከሻዬ ላይ ሆና ስክሪኑን ታያለች፣ አትናገርም። እናትየው «ልጄ፣ መብራቱ አለ አይደል? ታዲያ ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ። ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍቼ ስሙን አቅራቢውን ጠየቅኩ፣ ጉግልን ጠየቅኩ፣ ክላውድፍሌርን ጠየቅኩ። ማንም አላገኘውም። የኢቲዎቹን መዝገብ ሳይ የመስሪያ ቤቱ የስም ሰርቨሮች ሁለት ናቸው፤ ቁጥራቸው የሚለያየው በመጨረሻዋ አሃዝ ብቻ ነው። ጎን ለጎን የተቀመጡ ናቸው ማለት ነው። አንዱ ሲወድቅ ሁለተኛው አብሮት ወደቀ።

ይሄ ተራ ነገር አይደለም። ድሮ የኢንተርኔት ስሞች በሙሉ አሜሪካ ስታንፎርድ ሪሰርች ኢንስቲትዩት በሚገኝ አንድ ፋይል ውስጥ ነበሩ፤ ሁሉም ከዚያ ነበር የሚገለብጠው። አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ የሚባል ባለሙያ ዲኤንኤስን ሲነድፍ ሐሳቡ መዝገቡን መበተን ነበር፤ ሁሉም የራሱን ስም ራሱ ይያዝ ተባለ። በ1987 የወጣው ደንብ ደግሞ ማንኛውም ስም ቢያንስ ሁለት ሰርቨር ላይ እንዲገኝ ያዛል። በ1997 የወጣው ሌላ መመሪያ ይበልጥ ግልጽ ነው፦ ሁለቱን አንድ ቦታ፣ አንድ መስመር ላይ አታስቀምጡ፣ አራርቋቸው ይላል። ሩቶቹ ራሳቸው ከኤ እስከ ኤም 13 ስም ይኑራቸው እንጂ ቅጂያቸው ከ1000 በላይ ሆኖ በዓለም ተሰራጭቷል። ስንት ዓመት የተነገረ ነገር ነው! መቶ ሺህ ተማሪም ይሁን አንዲት የአጋሮ ልጅ የምትጠብቀውን ስም አንድ ክፍል ውስጥ ማጨቅ ምን ይሉታል?

ሰነዶቹን ኮፒ አስቀርቼ እናትየውን በመጨረሻው ሚኒባስ ሸኘኋቸው። ማታ ቤቱን ሳልዘጋ ቆየሁ። ገጹ ተመልሶ መጣ፣ ልጅቷን አስመዘገብኳት፣ ደውዬም ነገርኳቸው። ቀን ሌላ ኮምፒውተር ቤት ሞክረው «ሲስተም የለም» ተብለው የተመለሱትን ግን ማን ያስመዘግባቸዋል? ቀኑ አልተራዘመም። ምን እንደተበላሸ የሚገልጽ አንዲት መስመር ማስታወቂያ አልወጣም።

ሌላም አለ። አንድ መስሪያ ቤት ድረ ገጹን ወደ አዲስ ሰርቨር ያዛውራል፣ አሮጌውን በዚያው ቀን ይዘጋል። አዲስ አበባ ላለው ይከፈታል፣ እኛ ጋ ድርቅ። ስንደውል «እኛ ጋ ይሰራል» ይባላል። እናንተ ጋማ ይሰራል! ስሙ ላይ ቲቲኤል የሚባል ጊዜ አለ፤ ቁጥሩን አንዴ የጠየቀ ሰርቨር እንደገና ሳይጠይቅ ለስንት ሰከንድ ይዞት እንዲቆይ የሚፈቅድ ነው። እነሱ 86400 ብለው ትተውታል፤ አንድ ሙሉ ቀን። ስለዚህ ከመዛወሩ ጥቂት ቀደም ብሎ የጠየቀ ሰርቨር እስከ ማግስቱ ድረስ ሰውን ወደ ተዘጋው ቤት ይልካል። ከመዛወሩ ሁለት ቀን ቀድሞ ቲቲኤሉን ወደ 300 ማውረድ፣ አሮጌውንም ጥቂት ቀን ሳይዘጉ ማቆየት በቂ ነው። ብር አይጠይቅም። ማሰብ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ትልልቆቹም ይወድቃሉ፣ አይካድም። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ዋትሳፕና ኢንስታግራም ለስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም ጠፍተዋል። በጥገና ላይ የተሰጠ አንድ ትእዛዝ የውስጥ መስመራቸውን አቋረጠው፣ የስም ሰርቨሮቻቸው ደህና ሆነው ሳለ ወደ እነሱ የሚያደርሰው መንገድ ከኢንተርኔት ተሰረዘ። ግን በማግስቱ ይህ ይህ ነው የሆነው ብለው በዝርዝር ጻፉ። የእኛዎቹ ለምን አይጽፉም? ስህተት መሥራት ያለ ነው። እኔን የሚያቃጥለኝ፣ ሰው ከአጋሮ፣ ከሰቃ፣ ከሊሙ ትራንስፖርት ከፍሎ መጥቶ «ኔትወርክ የለም» በሚል ሁለት ቃል መመለሱ ነው። የትኛው ነው የሌለው? መስመሩ? የአቅራቢው የስም ሰርቨር? የመስሪያ ቤቱ? ይህን ብታውቅ እናትየው ቢያንስ ትጠብቅ ወይስ ትሂድ የሚለውን ትወስናለች።

ኢንተርኔት የምትሸጡልን፦ የስም ሰርቨራችሁ ሲወድቅ በኤስኤምኤስ ንገሩን፤ ለማስታወቂያ እኮ በየቀኑ ትልኩልናላችሁ። ስልክ የሚያነሱትን ልጆችም ከ«አጥፍተው ያብሩት» በፊት ፒንግ በቁጥርና በስም እንዲያስሞክሩ አሰልጥኗቸው። በኦንላይን ብቻ ተመዝገቡ የምትሉን መስሪያ ቤቶች ደግሞ ሁለተኛውን የስም ሰርቨር ከዚያ ክፍል አውጡት፣ ሌላ ከተማ አስቀምጡት። የሚቀጥለው ምዝገባ ሳይከፈት ይሁን።