ይድረስ ለማይነዱት ሾፌር

ጋሼ፣ ለጤናዎ እንደምን ከረሙ? እኔ ዛሬም በባጃጅ፣ በእርስዎ መንጃ ፈቃድ ከጎንደር ፒያሳ ወደ አዘዞ ያን ቁልቁለት ወርጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሁለት እግሬ ቆሜ ይኸን እጽፋለሁ። እርስዎ ግን አልነበሩም።

የነበረው አንድ ለጋ ልጅ ነው። በነጠላ ጫማ። በአንድ እጁ መሪ፣ በሌላው ስልክ ይዞ "ጠጋ በሉ፣ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው!" ይላል። ከኋላ አራት ሆነን ተጣብቀናል፤ ከፊት ደግሞ አንዱን አጠገቡ ሻጥ አድርጎ እሱ ራሱ ግማሽ ጎኑ ውጭ ነው። መንገድ ላይ ትራፊክ አስቆመን። ልጁ ከእመቤታችን ሥዕል ጀርባ የእርስዎን መንጃ ፈቃድ መዘዝ አደረገ። ኧረ ምን ያለ ፎቶ ነው! ሙሉ ጺም፣ ሽበት ጣል ጣል ያለበት፣ ከነክራቫቱ። ልጁ አገጩ ላይ አንዲት ፀጉር የለችም። ትራፊኩ ፎቶውን አየ፣ ልጁን አየ፣ ከዚያ እኛን አየ። ልጁ ቅንጣት ሳያፍር "የአጎቴ ነው፣ ሽንት ቤት ገብቶ ነው፣ አሁን ይመጣል" አለ። አጠገቤ የነበሩት እትዬም "እውነቱን ነው ልጄ፣ አሁን ይመጣል" ብለው መሰከሩለት። ገበያው ረፍዶባቸው ነዋ!

እርስዎ እኮ የተፈተኑ ሰው ነዎት። ዓይንዎን ታይተው፣ የጽሑፉንም የተግባሩንም ፈተና አልፈው ነው ካርዷን የያዟት። የመንጃ ፈቃዱ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ደግሞ ብቃት የሚያረጋግጠው ለሰው ነው፤ ለኪስ አይደለም።

እኛም ጉደኞች ነን። የቤት ሠራተኛ ስንቀጥር ተያዥ አምጪ እንላለን። ዘበኛ ሲቀጠር አሻራ ሰጥቶ ከወንጀል ነፃ የሚል ወረቀት ከፖሊስ ያመጣል፣ ያውም ተቆልፎ ለሚያድር በር። ጠዋት ጠዋት ኬጂ የሚሄዱትን ልጆች ግን ቦርሳቸውን አስታቅፈን፣ "ቻው" ብለን ለኮንትራት ባጃጅ እናስረክባለን። ሾፌሩ ማን ይባላል? "ያ ቀጭኑ።" ቀጭኑ ሲያመው ወፍራሙ ይመጣል። ቁልፉን ማን ሰጠው? ቀጭኑ። ለቀጭኑስ? እርስዎ። ለእርስዎስ? ባለ ባጃጁ፤ እሱ እንደሆነ ማታ ገቢው ከገባለት መሪውን ማን እንደጨበጠ ጉዳዩም አይደል።

ጥምቀት ላይማ አይነሳ። እንግዳው ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲጎርፍ፣ የእርስዎ ካርድ በአንድ ቀን ስንት ባጃጅ ላይ እንደምትታይ ቀሃ ኢየሱስ ይወቀው። ኮፒ አስደርገዋት ነው መሰል።

ልጁን እንኳ አልጠላሁትም። ሥራ አጥቶ ነው፣ ከንጋት እስከ ማታ ሲባዝን ይውላል። ደሜን የሚያፈላው ቤትዎ ቁጭ ብለው የፎቶዎን ኪራይ የሚበሉት እርስዎ ነዎት።

ከቻሉ ማሠልጠኛ ያስገቡት፤ የራሱን ያውጣ። ካልቻሉ ደግሞ የአባትዎን ስም ያስጠኑት፤ ትራፊኩ ሲጠይቀው ከካርዷ ላይ ነው ሰርቆ ያነበበው። ጺምዎንም ተላጭተው ፎቶውን ያሳድሱት። ልጁ እስኪያበቅል ገና ነው።

አክባሪዎ፣
ከኋላ ወንበር አራተኛዋ