ይቺ 8 ከየት መጣች?

ኧረ በፈጠራችሁ፣ ኮድ ስትጽፉ ኮሜንት (ለሚያነበው ሰው ማስረጃ የሚሆን ማስታወሻ) አስቀምጡ! ዛሬ ሜክሲኮ ያለው ቢሯችን ውስጥ አንዲት መስመር ላይ ሳፈጥ መሸ። የፈረንጁን ዓመት ወደ እኛ ለመቀየር ተቀብላ 8 ትቀንሳለች። በቃ። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት ልዩነቱ 7 አይደለም እንዴ? ተረስቶ ነው ወይስ ታስቦበት? ማን ይንገረኝ? የጻፈው ልጅ ሥራ ለቋል፤ ስልክ አያነሳም። ዝቅ ብሎ ደግሞ ጳጉሜን የሚዘል ኮድ አለ። እዚያ ላይ ያለው ብቸኛ ኮሜንት ምን ይላል? «እንዳትነኩት!» ለምን? ምክንያቱ አልተጻፈም።

«ጥሩ ኮድ ራሱ ይናገራል» ትሉኛላችሁ። ምን እንደሚሠራማ አያለሁ! የጠፋኝ ምክንያቱ ነው። ግዴታ ይደረግ! ምክንያቱ ያልተጻፈለት ኮድ ከጋራው ኮድ ጋር አይቀላቀል። አንድ መስመር አማርኛ መጻፍ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?