እርማት፦ ለመወዳደር የግድ ፓርቲ አያስፈልግም

ወንድሜ፣ «ፓርቲ ከሌለህ ለምክር ቤት መወዳደር አትችልም» ያልከው ስህተት ነው። ፒያሳም አራት ኪሎም ማኪያቶ በተጠጣ ቁጥር ይሄ ይደገማል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 የመመረጥን መብት የሰጠው ለዜጋ ነው። የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011ም የግል ዕጩን ያውቃል። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ በ1997ቱ ምርጫ ደምቢ ዶሎ ላይ በግል ተወዳድረው ፓርላማ ገብተዋል።

አዎ፣ ልፋት አለው። ፓርቲ በመዋቅሩ የሚሠራውን የግል ዕጩ በእግሩ ይሠራዋል። የድጋፍ ፊርማ መሰብሰብ ማለት የሰፈሩን ሰው አንድ በአንድ ማናገር ነው፤ ባለሱቁን፣ ሊስትሮውን፣ ከቅዳሴ የሚመለሱትን እናቶች።

የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ሰፈራቸውን አበጥረው የሚያውቁ ወጣቶች ይህን ወሬ አምነው ሳይሞክሩት ይተዉታል። ደግሞ ለፓርላማ ለማሸነፍ ከግማሽ በላይ ድምፅ አያስፈልግም፤ በምርጫ ክልሉ ከሁሉም የበለጠ ድምፅ ያገኘ ያልፋል።